መርፌዬን ተዉልኝ

የልብስ ሰፊው እናት ያን ዕለት ጠዋት ወደ ክርና ቁልፍ ሱቁ የሄዱት ክር ሊገዙ አልነበረም። የልጃቸውን የስፌት መኪና የሚገዛ ሰው እንዲፈልግላቸው ባለሱቁን ሊለምኑ ነው። ነገሩ ግን ከአፋቸው አልወጣ ብሎ ቁልፎቹን እያገላበጡ ቆሙ። እንዴትስ ይውጣ! በዚያ መኪና ልጃቸው የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ አልብሷል፤ እሳቸውም አጠገቡ ተቀምጠው የቁልፍ ቀዳዳ በእጃቸው ሲዘመዝሙ ኖረዋል። አንድ ክፉ ቀን ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ልጁን ከግድግዳ ጋር አጣበቀውና ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናው አቧራ ለብሶ፣ ልጁ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ሁለቱም ዝም ብለዋል።

«እማማ! እርስዎ ነዎት?» አለች ሰፊ ላስቲክ የምታስለካ አንዲት ወጣት።

እናት ክው አሉ። ልጅቷ የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነች፤ ሕሙማኑ «ወይዘሪት ተነሱ» ነው የሚሏት፤ አፏን በከፈተች ቁጥር የምትለው ይህንኑ ስለሆነ።

«ልጅዎ ምነው ቀረ? ሰው ሠራሹ እግር ከተሰጠው ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ቤት ድረስ ብመጣም ተኝቷል አሉኝ።»

«ተኝቶ ነበራ!» አሉ እናት። ውሸታቸውን ነው፤ ልጁ ያን ቀን ጣራው ላይ አፍጥጦ ነበር። ከልጅቷ ለመሸሽ ብለውም ወደ ባለሱቁ ዞሩና፣ «ለስፌት መኪናችን ገዢ ፈልግልኝ» አሉት። ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ ሆነባቸው፤ ከሱቁ ሲወጡ ልጅቷ ላስቲኩን ጣል አድርጋ ተከተለቻቸው።

«በምን ሊሠራ ነው የሚሸጡበት?»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ምን ሥራ አለው ከእንግዲህ! አንቺ ተምረሻል ልጄ፣ ግን አልወለድሽም። ጎዶሎ ልጄን ቁም፣ ውደቅ እያልኩ ላሰቃየው? ሰውስ ምን ይለኛል? እናቱ ቁጭ ብላ እሱ እየተንገዳገደ ይሠራል አይሉም?»

«የሰጠነው እግር የት አለ?»

«ቁም ሣጥኑ ላይ። በአንሶላ ጠቅልዬዋለሁ፤ ባየው ቁጥር ሆድ እንዳይብሰው።»

«ማንን? እሱን ወይስ እርስዎን?»

እናት እርምጃቸውን አፈጠኑ። ልጅቷም አልለቀቀቻቸውም። «ፊቱን ማን ያጥበዋል?»

«እኔ ነኛ! እኔ እያለሁ ማን ሊያጥበው?»

«እጁ ደግሞ ምን ሆነ?»

«እጁማ ደህና ነው» አሉና፣ ነገሩ ራሳቸውንም ግራ ስላጋባቸው ፈጠን ብለው አከሉ። «ተንከባክቤዋለሁ እኮ! እንዳያመው ብዬ ጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጌ ነው የማስተኛው።»

«ውይ እማማ! ትራሱንማ ያውጡለት!» ልጅቷ መንገዱ መሀል ቆመች። «ጉልበቱ ታጥፎ ከሰነበተ አልዘረጋም ይላል። ያን ጊዜ ሰው ሠራሹን እግር ቢያደርግም አይቆምበትም። ያልሠራ ጡንቻም እየሟሸሸ ይሄዳል። መጀመሪያ ያመዋል፣ አልዋሽዎትም። ሊወድቅም ይችላል፤ አወዳደቁንም አነሳሱንም እናስተምረዋለን። አሁን የሚጎዳው ግን መውደቁ ሳይሆን መተኛቱ ነው።»

ለልጃቸው ያዘጋጁት ትራስ ልጃቸውን ሲጎዳ መክረሙን መስማት ለእናት ቀላል አይደለም። እናት ተናደዱ፤ የተናደዱት በማን እንደሆነ ግን አላወቁም። ኩርፍ እንዳሉ፣ ልጅቷም ከኋላቸው እየተከተለች፣ ቤት ደረሱ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በመጋረጃ የተከለለው የልጁ አልጋ፣ በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው። ምራታቸው ወንበር አቀረበች። እናት ንዴታቸውን በሥራ ሊያበርዱ መርፌያቸውን አነሡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷልና ምራት እጇን ዘረጋች። «ይስጡኝ፣ ክሩን ላስገባልዎት።»

«መርፌዬን ተዉልኝ!» ብለው ጮኹ። «ሞተች አላችሁኝ እንዴ?» የክሩን ጫፍ በምላሳቸው አርሰው፣ ቀዳዳውን በጣታቸው ዳብሰው፣ ሹልክ አደረጉት።

«ወይ ጉድ!» አለች ልጅቷ ከልቧ ተደንቃ። «ሳያዩ እንዴት ቻሉ?»

«ጣቴ ለምዶ ነዋ! ሲወጋኝ ሲወጋኝ ለመደ።»

«ምራትዎ ቢያስገቡልዎት አይሻልም ታዲያ? እንዳይወጋዎት።»

«ይውጋኝ! ዛሬ መርፌዬን ከሰጠኋት ነገ መቀሴን ትቀበለኛለች፤ ከነገ ወዲያ ጥግ ላይ ተጎልቼ፣ ሰው ፊቴን እያጠበኝ…» ዓይናቸው መጋረጃው ላይ ተተከለ።

«ከአደጋው ወዲህ ልጅዎን አንድ ነገር አዘውት ያውቃሉ?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

እናት አሰቡ። ዱሮ መቀስ አቀብለኝ፣ በሩን ክፈት፣ ክሬን አምጣ እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲያዙት ነበር የሚውሉት። ከአደጋው ወዲህ ግን አንዲት ትእዛዝ እንኳ ከአፋቸው አልወጣችም። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ» አለ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ። «እግሬን አውርጂልኝ። አንቺ ስታለቅሺ እንዳላይ ብዬ እንጂ ስንት ጊዜ ልልሽ ነበር!»

እናት ጥቅሉን ከቁም ሣጥኑ አወረዱ፤ ትራሱንም መዘው አወጡ። ልጅቷ ከጎኑ ሆና እግሩን አስጠለቀችው። ሲንገዳገድ እናት ሊይዙት ተወረወሩና መለስ አሉ፤ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። ልጁ ተመልሶ አልጋው ላይ ዘጭ አለ። እናት ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ልጃቸው ይስቅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሆስፒታሉን አላቋረጠም፤ ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎ ያለቀሰበት ቀንም ነበር።

እናት ደግሞ የሆስፒታሉ ኮሪደር ሰባኪ ሆኑ። የታመመ ያለበትን ሁሉ፣ «ትራሱን አውጡ!» ይላሉ። «የሚችለውን አትሥሩለት። የኔ ልጅ ዛሬ ፊቱን ይታጠባል፣ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል፣ እንቅልፉ ተመለሰ፣ ቁጣው በረደ፣ ሚስቱም መሳቅ ጀመረች። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ልጄን በቁሙ ልቀብረው ነበር!»

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ገዢ ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊው በደህና እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ ቀሚስ ያጠብባል። እናት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «ሱሪ የሚያሳጥር ከሆነ ይግባ። መኪና የሚገዛ ከሆነ በመጣበት ይመለስ» አሉ።

በዚህ መሀል የክሩ ጥቅል ከእጃቸው አምልጦ በሩ ድረስ ተንከባለለ። ምራት ጎንበስ ልትል ስትል ዓይናቸውን አፈጠጡባት።

«አንተ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ክሬ አመለጠኝ፤ አንሣልኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ እማዬ፣ አታስፈቺኝ!» ብሎ አጉረመረመ፤ ግን ምርኩዙን ይዞ ተነሣ፣ አነከሰ፣ ጎንበስ ብሎ አነሣው። አምጥቶ በእናቱ መዳፍ ላይ ሲያኖረው መርፌውን አየና እጁን ዘረጋ።

«አምጪ፣ ላስገባልሽ።»

«መርፌዬን ተዉልኝ!» አሉ እናት፤ እናትና ልጅ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።