ኢሎና ኔኒ ያበሱት ቅጠል

በእኛ ጊዜ እንግዲህ ስኮላርሺፕ ሲባል ወደ ሶሻሊስት አገር ነበር፤ አንዱ ሕክምና፣ አንዱ እርሻ ሲደርሰው ለእኔ ሃንጋሪ ሄዶ ፖርሴሊን ላይ ሥዕል መሳል ደረሰኝ። አባቴ ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጄ ባሕር ተሻግራ ሲኒ ልትኩል ነው!» ሳቁብኝ እኮ! እና ሄድኩ። አስተማሪዬ ኢሎና ኔኒ ይባላሉ፤ ኔኒ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ቀጭን፣ ቁጡ ሴትዮ ነበሩ፤ ግን ያንን ብሩሽ ሲይዙ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የሳሏት ቢራቢሮ ከሳህኑ ላይ ተነሥታ የምትበር ነው የሚመስላችሁ።

ስጨርስ አገሬ ገብቼ እሠራለሁ ስል አገሩ እንደምታውቁት ሆነ፣ ወንድሜ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነበርና እሱ ጋ መጣሁ። እና እዚህ ማን ፖርሴሊን ያስልሻል? ሆቴል ገብቼ ሳህን አጣቢ ሆንኩ። ደህና ሳህን ባገኘሁ ቁጥር ገልበጥ አድርጌ የማን ሥራ እንደሆነ ከሥሩ አያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ይለኛል፣ «ኖ፣ ምንም» እላለሁ። ዕድሜዬ በዚያ አለቀ፤ ልጅም አሳደግኩ፣ ብሩሽ የሚባል ግን በእጄ አልነካሁም።

ታዲያ አምና ጡረታ ስወጣ ልጄ ሳምራዊት «እማዬ፣ ሰርፕራይዝ! ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ፣ ሃንጋሪ እንሄዳለን» አለችኝ። ሄድን። ከቡዳፔስት በአውቶቡስ እየወጣን ወርክሾፖቹን ዞርን፤ አንዱ ጋ የቀጠነውን ጭቃ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲያፈሱ፣ ሌላው ጋ የሳህኑን ጠርዝ እንደ ዳንቴል ሲበሱት እያየን፣ እያየን በመጨረሻ እኔ የተማርኩበት ጋ ደረስን። በሩን ስከፍተው የዚያ የተርፐንታይን፣ የቀለም ማቅጠኛው ሽታ! በቋንቋቸው እየተንተባተብኩ «ኢሎና ኔኒ አሉ?» ብላቸው፣ «ጡረታ ወጥተዋል፣ ግን ቤታቸው እዚሁ ጎረቤት ነው» ብለው ጠሩልኝ።

በከዘራ እየተደገፉ መጡ። አወቁኝ! ስሜን ጠርተው አቀፉኝ፣ ተላቀስን። እና ታዲያ ዕንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ «ምን ምን ሳልሽ? አሳዪኝ» አይሉኝም? ምን ልበል? ስልኬ ውስጥ የልጄ ፎቶ እንጂ ምን አለኝ? «ኔኒ፣ ሳህን ሳጥብ ነበር» አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ፣ ነጭ ሳህንና ብሩሽ ፊቴ አስቀመጡ። «በይ፣ አንዲት ቅጠል» አሉ።

ሳልኩ። ሳምራዊት «ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ! ሶ ቢዩቲፉል!» ብላ ታጨበጭባለች፣ ሠራተኞቹም ያጨበጭባሉ። ኢሎና ኔኒ ግን ጎንበስ ብለው አዩትና ጨርቅ አንሥተው ጥርግ! አበሱት! «ኡይራ!» አሉኝ፤ እንደገና ማለት ነው። ልጄ ደንግጣ «ዋይ ዉድ ሺ ዱ ዛት?» ትላለች። እኔን ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ገባችሁ? ለእንግዳ እንደሚደረገው አላደነቁልኝም፤ ለእሳቸው ገና ተማሪያቸው ነበርኩ።

ታዲያ ብሩሹን መልሼ ሳነሣ ልጄ ሰዓቷን አየችና «እማዬ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» አለች። ኔኒ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ስትመለሺ» አሉና ሳህኑን ባዶውን መደርደሪያው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

— ታዲያ እትዬ ውብነሽ፣ ዘንድሮ ለምን አይሄዱም?

ለፋሲካ ልሄድ ነበር እኮ፣ ገነትዬ! ጾሙ ሳይጋመስ ከወርክሾፑ ለሳምራዊት ኮል አደረጉላት፤ ኔኒ አርፈዋል። እሷም ሆድ ባሳትና «ሶሪ እማዬ፣ ሶሪ እማዬ» ትለኛለች፣ እኔም «ምን አጠፋሽ?» እላታለሁ። እውነት ነው፣ ምን አጠፋች? ግን እናንተዬ፣ ያ አውቶቡስ ቢያመልጠን ምን ነበረበት? ማታም እኮ ሌላ ነበረ!