በቤቴ በር ላይ የገጠምኩት ደወል

ላሊበላ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። እኔ ግን በሬ ላይ ደወል ገጥሜያለሁ! መዳፍ የማትሞላ፣ ፕሮግራም የሚጫንባት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለችኝ። የቤቱን ቅዝቃዜ እየለካች ደወሉንም እንድትጠብቅልኝ ፈለግሁ፤ እሷ እቴ፣ አንዱን ስትይዝ ሌላውን ትረሳለች። ቅዳሜ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከስልኬ ትምህርት እየሰማሁ ስታገላት ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ሁለቱን ፕሮግራሞች እያፈራረቀች ማስኬድ ጀመረች። ወጥቼ ደወሉን ብጫነው ወዲያው ጮኸች። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ጎረቤቴን እማሆይን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ትናንት ለዝክር ልጠራህ መጥቼ ‹ቤቶች! ቤቶች!› ብል መልስ አጣሁ። የለህም ብዬ ተመለስኩ» አሉኝ።

«ምነው እማሆይ፣ በሩ ላይ ያለውን ደወል ቢጫኑት!»

«ያን ቀዩን? ምን አውቄ የሰው ዕቃ እነካለሁ? ደጅ ቆሞ መጣራት ነው እንጂ የማውቀው።»

ቤቴ ደርሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ደወሉን ተጫንኩት፤ ሰሌዳዋ ወዲያው ጮኸችልኝ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። በገዛ በሬ ላይ «ይግቡ» የሚለኝ አጥቼ ቆሜ ቀረሁ።