ኦክላንድ ዳርቻ የሞተችው ዓሣ ነባሪ

አንዲት ዓሣ ነባሪ ኦክላንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ሞታ አገኘናት። እኔ የባሕሩን ለውጥ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ሾፌር ነኝ። አብራኝ የነበረችው ባለሙያ ሰሚራ የውሃውን ሙቀት ለካች። «ባሕሩ ሲሞቅ ምግባቸው ይጠፋል። ዝርያቸው እያለቀ ነው» አለችኝ፣ የዓሣ ነባሪዋን የከሳ ጎን እያየች። «ሳምፕል ወስጃለሁ፤ እንሂድ ጋሼ ሰይድ።»

«የሚወስዳት ጀልባ ሳይመጣ?» አልኳት።

«እሱ ከሰዓት ነው የሚመጣው።»

«ሬሳ ብቻውን አይተውም።»

«ለዓሣ ነባሪም ለቅሶ ይቀመጣሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። በልጅነቴ በባሕር ወደ የመን ስንሻገር ወንድሜ ሞተ። ዳርቻው ስንደርስ ያሻገሩን ደላሎች እሱን አሸዋው ላይ ጥለው እኛን በዱላ እየነዱ ወሰዱን። ይህን ለሰሚራ አልነገርኳትም። የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኋት። እሷ ሄደች፤ እኔና ዓሣ ነባሪዋ ቀረን።