እሑድ ካልተነሳ

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ዳር ባለች የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ፤ እትዬ አንጓች ወንበር ቢቀርብላቸው አልቀመጥ ብለው ባንኮኒውን በጣታቸው ይቆረቁራሉ፣ የልጃቸው የልየው ጓደኛ የሆነው ባለሱቁ ይበልጣል ደግሞ ዛሬ መሸጥ የጠላው ይመስላል።

አንጓች፦ አልሸጥልሽም ካልክ ቁርጡን ንገረኝ! ሌላ ሱቅ ልሂድ።

ይበልጣል፦ ኧረ እትዬ፣ አልሸጥም መች ወጣኝ? ሰኞ ይምጡ ነው ያልኩት።

አንጓች፦ ሰኞ ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው ዛሬ ነው፣ አሁን። ቻርጀር አምጣ!

ይበልጣል፦ ለምን እንደፈለጉት ልወቅና...

አንጓች፦ ቻርጀር ለምን ይፈለጋል? ሽሮ ላበስልበት ነው? የሞተር ባትሪ ልሞላበት ነዋ!

ይበልጣል፦ የልየውን ሞተር?

አንጓች፦ እና የማንን? ስንት ሞተር አለኝ? ይልቅ ያንን አውርድልኝ፣ ከላይ ያለውን፣ ትልቁን።

ይበልጣል፦ እሱማ የአይሱዙ ነው።

አንጓች፦ ይሁን።

ይበልጣል፦ ይሁን አይባልም እኮ። የጭነት መኪና ባትሪ የሚሞላ ነው። በዚያች ሚጢጢ ባትሪ ላይ ቢሰኩት አፍልቶ ነው የሚገድላት። በሩን ደግሞ ምን ደጋግመው ያዩታል? ሰው ቀጥረዋል?

አንጓች፦ ያ ባሌ ቸኮል ገበያ ውስጥ ነው። ጨው ልግዛ ብዬው ነው ሹልክ ያልኩት። እዚህ ካየኝ አለቀልኝ። ቶሎ በል! ኃይለኛ ስጠኝ፣ እስከ ነገ ጠዋት የሚያደርስ። መብራቱም እንደሆነ አመሉን ታውቀዋለህ፣ ሲፈልግ ይሄዳል።

ይበልጣል፦ ነገ ምን አለ?

አንጓች፦ አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ? ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ በር ላይ ቆመህ አልነበር?

ይበልጣል፦ ነበርኩ። ግን ያ ነገር እስከ ዛሬ አለ እንዴ?

አንጓች፦ አለ እንጂ! ልየው ከነተሳፋሪው ወድቆ የሰውየው ክንድ ሲሰበር፣ ቸኮል «ይህ ሞተር ሰው ሳይገድል ይሸጣል» አለ። ልጁ ደግሞ «ሞተሬ ከተሸጠ እዚህ ደጃፍ አልደርስም» ብሎ ቡሬ ገባ። ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ፈረዱ? ሞተሩ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይነሳ፤ እስከተነሳ ድረስ አይሸጥ፤ አልነሳ ያለ ቀን ቸኮል ይሽጠው። ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤታችን አለቃ ፈንቴ፣ ከአጥራቸው ማዶ ጆሯቸውን ጥለው ይጠብቃሉ። «ተነሳ!» ብለው ሲጮሁ ነው ምሳ የሚበላልኝ።

ይበልጣል፦ ያለፈው እሑድስ ተነሳ?

አንጓች፦ በአራተኛው። በእግር እንዳላስነሳው መርገጫው ያኔ ሲወድቅ ተሰብሯል። ያለችኝ ያቺ ቀይ መጫኛ ናት። ስጫናት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሌላ ድምፅ የላትም። ቸኮል በረንዳው ላይ ዳዊቱን ዘርግቶ ቀና ብሎም አላየኝ። ነገ አይነሳም ይበልጣል። ልቤ ነግሮኛል። ማክሰኞ ደግሞ አንድ ባለጃኬት ሰውዬ አምጥቶ ሞተሩን አሳየው። እግሩን አንስቶ ተቀመጠበት እኮ! በልጄ ሞተር ላይ!

ይበልጣል፦ እስቲ አረፍ ይበሉ። ሲያስነሱት ስንት ደቂቃ ያቆዩታል?

አንጓች፦ የምን ደቂቃ? አለቃ ፈንቴ እስኪሰሙ ነዋ። አምስት ቢሆን ነው። ቤንዚኑስ ከሰማይ ይወርዳል?

ይበልጣል፦ ከዚያ ያጠፉታል፣ እስከሚቀጥለው እሑድ።

አንጓች፦ አዎ፣ እንዳይደክም።

ይበልጣል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባትሪዋን የገደሏት እርስዎ ነዎት።

አንጓች፦ ምን አልክ?

ይበልጣል፦ ሞተር ሲነሳ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል። የወሰደውን የሚመልስላት ሲሄድ ነው። ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ መንገድ ላይ መዋል አለበት። እርስዎ ስምንት ወር ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር ሲቀንሱባት ነው የከረሙት።

አንጓች፦ እኔ? እኔ እኮ በሕይወት ይቆይልኝ ብዬ... ቆይ፣ ቆይ። ያ ሁሉ ስለት፣ ያ ሁሉ መንበርከክ፣ ለካ እኔው ራሴ ነኝ?

ይበልጣል፦ አይዘኑ። የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ነው። ውሃ ላምጣልዎ?

አንጓች፦ ውሃ አልፈልግም! ማዘኛ ጊዜም የለኝም። ትልቁ ካልሆነ ትንሹን ስጠኝ።

ይበልጣል፦ ትንንሾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ይህኛው ቶሎ ይሞላል፤ ግን ሲሞላ ራሱ አያቆምም፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚነቅለው ሰው ይፈልጋል። ዋጋው ረከስ ያለ ነው። ሞተሩን አንዴ አስነስቶ ሊሸጥ ያሰበ ሁሉ ይህን ነው የሚገዛው። ሌላኛው ዝግ ያለ ነው። ስትሞላ ራሱ ያቆማል፣ ስትጎድል ራሱ ይጨምርላታል። ወር ሙሉ ሰክተው ቢተዉት አይጎዳትም። እሱ እንግዲህ ባለቤቱ እስኪመጣ ለሚቆም ሞተር ነው።

አንጓች፦ እሱን ነው የምፈልገው! ባለቤቱ እስኪመጣ ያልከውን!

ይበልጣል፦ እሱ አልቋል።

አንጓች፦ ይኸውልህ ካርቶኑ! ዓይን የለኝም?

ይበልጣል፦ ባዶ ካርቶን ነው። አንድ ነበር የቀረኝ፣ ረቡዕ ተሸጠ።

አንጓች፦ በል እንግዲህ ቶሎ የሚሞላውን ጠቅልልልኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ስምንት ወር የጠበቅሁ ሰው አንድ ሌሊት ያቅተኛል?

ይበልጣል፦ እሱንም... እሱንም አይግዙ እትዬ።

አንጓች፦ አንተ ልጅ ምን ነክቶሃል? ትልቁን አትግዢ፣ ዝግ ያለው አልቋል፣ ርካሹንም አትግዢ! በዚህ ዓይነት ሱቁን ለምን ከፈትከው? ቆይ። ቸኮል መጥቶ አነጋግሮሃል እንዴ?

ይበልጣል፦ እንዴት... እንደው...

አንጓች፦ ወደ ካርቶኑ አትይ፣ ወደ እኔ እይ! ከልየው ጋር ከአንድ ገበታ በልተህ አላደግህም? «አንጓች ቻርጀር ብላ ስትመጣ እንዳትሸጥላት» ብሎሃል?

ይበልጣል፦ ኧረ እንደዚያ አላሉኝም።

አንጓች፦ ታዲያ ምን አለህ?

ይበልጣል፦ «ለማንም እንዳትናገር» ነው ያሉኝ።

አንጓች፦ ምኑን?

ይበልጣል፦ እትዬ፣ አንድ ባትሪ ላይ ሁለት ቻርጀር አይሰካም። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አያስለፍልፉኝ።

አንጓች፦ ሁለት? ሁለተኛው የማን ነው?

ይበልጣል፦ ረቡዕ የተሸጠው... ጋሽ ቸኮል ናቸው የወሰዱት።

አንጓች፦ ቸኮል? ለካ ለዚህ ነው! ከረቡዕ ጀምሮ የቴሌቪዥኑን ማከፋፈያ ነቅሎ ወስዶብኝ ሦስት ቀን ዜና አላየሁም። ሞተሩ ያለበት እቃ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ይውላል። ምን ትሠራለህ ስለው «አይጥ እጠብቃለሁ» ይለኛል። አይጥ! ነፍስ ዘርቶበት ለዚያ ባለጃኬት ሊሸጠው ነው እንጂ! ልጄን ለዘላለም ሊያስቀርብኝ ነው! በቃ ልሂድ፣ አለቃ ፈንቴን ልጥራቸው፣ ሽማግሌዎቹም ይሰብሰቡ...

ይበልጣል፦ ይቁሙ እንጂ! ነጠላዎን እየረገጡት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ነገ ሞተሩ አልነሳ ቢል ምን ይሆናል?

አንጓች፦ ቸኮል ይሸጠዋላ!

ይበልጣል፦ ማን ይከለክላቸዋል?

አንጓች፦ ማንም። ተፈርዶለታል።

ይበልጣል፦ እንግዲህ መሸጥ የፈለገ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት?

አንጓች፦ ምን?

ይበልጣል፦ ምንም። እጁን አጣጥፎ እሑድን መጠበቅ ብቻ ነው።

አንጓች፦ ታዲያ ቻርጀሩን ለምን ገዛው?

ይበልጣል፦ ደግሞ እኮ ሁለቱንም ዘርግቼላቸው ነበር። ርካሹን በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። «ሰክቼ የምተወውን ስጠኝ» አሉ። «ስንት ጊዜ ያቆያታል?» አሉኝ። «እስከፈለጉት» አልኳቸው። «እስከ ፋሲካ?» «እስከ ፋሲካም ያቆያታል።» «ልጁ ከዚያም ቢዘገይስ?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁና መጥረግ ጀመሩ። እኔም ዕቃ የምፈልግ መስዬ ዞር አልኩ።

አንጓች፦ ቸኮል? የኔው ቸኮል?

ይበልጣል፦ እግዜር ምስክሬ ነው።

አንጓች፦ ባለጃኬቱስ?

ይበልጣል፦ መካኒክ ነው። የተሰበረውን መርገጫ እንዲያይላቸው እኔ ነኝ የላክሁት። ልኩን ወስዶ መጥቷል፣ ከባሕር ዳር አዝዣለሁ።

አንጓች፦ ለምን አይነግረኝም ታዲያ? አራት ጊዜ ስጫን፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ስትል በረንዳው ላይ ተቀምጦ እየሰማኝ! ስምንት ወር እኮ ነው ይበልጣል! ብቻዬን ነበርኩ እኮ!

ይበልጣል፦ በሽማግሌ ፊት «ይሸጣል» ብለዋላ። አሁን በምን አፋቸው ይመልሱት? «አንጓች ካወቀች ልየው ይሰማል፣ ልየው ከሰማ አሸነፍኩት ይላል» ነው ያሉኝ።

አንጓች፦ እልኸኛ! አባትም ልጅም እልኸኛ! በሁለቱ መሃል ያለቅሁት እኔ። ያኛውስ ይደውልልሃል አይደል? አትዋሸኝ።

ይበልጣል፦ አልፎ አልፎ ይደውላል።

አንጓች፦ ምን ይላል?

ይበልጣል፦ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሞተሩ ተሸጠ?» ይለኛል። «አልተሸጠም» ስለው ሌላ ሌላውን ያወራል።

አንጓች፦ ካልተሸጠ ለምን አይመጣም?

ይበልጣል፦ «አባቴ ካልጠራኝ» ይላል።

አንጓች፦ እሱ አይጠራውም! እኔ ቸኮልን አውቀዋለሁ፣ እጁ ሁሉን ይሠራል፣ አፉ ግን አይታዘዝለትም። ስማኝማ ይበልጣል።

ይበልጣል፦ አቤት።

አንጓች፦ ያቺ ባትሪ አሁን ሞልታለች?

ይበልጣል፦ ከረቡዕ ጀምሮ ከተሰካች ጢም ብላለች። ነገ ገና ሲነኳት ነው የሚነሳው። አለቃ ፈንቴ ሳይዘጋጁ ነው የሚሰሙት።

አንጓች፦ ግን እንደዚያው ቆሞ አይሆንም ብለኸኛል። መንገድ ይፈልጋል።

ይበልጣል፦ ቢሄድ ይሻላል፣ አዎ።

አንጓች፦ ስንት ደቂቃ ነበር ያልከው?

ይበልጣል፦ ሠላሳ።

አንጓች፦ ቡሬስ ስንት ደቂቃ ነው?

ይበልጣል፦ ቡሬ? ቀስ ብሎ ለሚነዳ... አርባ ይሆናል። እንዴ፣ እትዬ!

አንጓች፦ ቸኮል እርሻ ጽሕፈት ቤት ሳለ ሃያ ዓመት ሞተር ነድቷል፣ በዚያ ኮረኮንች፣ በዚያ ጭቃ። አልረሳውም።

ይበልጣል፦ «ልጅህን አምጣ» ሲሏቸው እሺ የሚሉ ይመስልዎታል?

አንጓች፦ ማን ልጅህን አምጣ አለው? «ባትሪዋን የጎዳኋት እኔ ነኝ፣ መንገድ ትፈልጋለች ተብያለሁ፣ እስከ ቡሬ ደርሰህ ተመለስ» ነው የምለው። ለባትሪ ሲል ይሄዳል። ለልጅ ሲል አላልኩትም፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ይበልጣል፦ የቻርጀሩን ነገር እንዳያነሱብኝ ብቻ! አደራ!

አንጓች፦ የምን ቻርጀር? እሱ አይጥ ሲጠብቅ ነው የከረመው። በል ያንን ሄልሜት አውርድልኝ። የቸኮል ራስ ትልቅ ነው፣ የልየው አይገባውም።

ይበልጣል፦ ይኸው፣ ይህ ይበቃቸዋል። ሁለት ላድርገው? እርስዎም ከኋላ ይሄዳሉ?

አንጓች፦ አንድ ይበቃኛል። የኋላው መቀመጫ ላይ የልየውን ሄልሜት አስሬ ነው የምልከው፤ ባዶውን ይዞት ከመጣ እኔም በር አልከፍትለትም።