የጋሽ ማኅደር ዝርዝር እንዴት እንደጠራ

አንዳንድ ጊዜ የተኳረፈን ሰው የሚያስታርቀው ሽማግሌ ሳይሆን ወረፋ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማኅደር የታላቅ እህታቸውን መድኃኒት ሊወስዱ ወደ ሆስፒታል ሄደው፣ ከመድኃኒት መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ አንዲት ወጣት «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ከጎናቸው ተቀመጠች። ቀና ብለው ቢያዩ የመሥሪያ ቤታቸው አዲሷ የሥራ አስተባባሪ ናት። ፊታቸው ላይ ደስታና ቅሬታ አንድ ላይ መጡ። ደስ ያላቸው፣ ልጅቷ ከዓመታት በፊት ራሳቸው ፕሮግራም መጻፍ ያስተማሯት ስለሆነች ነው። ቅር ያላቸው ደግሞ ሌላ አገር ተምራና ሠርታ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ደንብ አልዋጥላቸው ስላለ ነው።

ማኅደር እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። አንዴ የሰሙትን ነገር ስለማይረሱ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ነው። ድርጅታቸው የሆስፒታል መድኃኒት ቤቶች መድኃኒት የሚቆጥሩበትንና ለታካሚ የሚያድሉበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። እሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ድርጅቱ አልለቅም ብሎ አንድ ሥራ ተወላቸው፤ ደንበኞች የጠየቁት፣ ግን ገና ያልተሠራ ነገር ሁሉ የሚሰፍርበትን ዝርዝር መያዝ። ወጣቶቹ ባክሎግ ይሉታል። ጋሽ ማኅደር ከዚህ ዝርዝር ላይ አንዲት መስመር ጥለው አያውቁም። ስለዚህ ዝርዝሩ ዓመት በዓመት እየተከመረ፣ ሁሉም ያለው ግን የሚፈለገው የማይገኝበት ዕቃ ቤት መሰለ።

የአስተባባሪዋ ደንብ ቀላል ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥና ዝርዝሩን ያጥራ አለች። ያልገባው ይብራራ፣ ትልቁ ይከፋፈል፣ የሚቀድመው ይቅደም፣ ጊዜ ያለፈበት ይውጣ። ጋሽ ማኅደር በመጀመሪያው ረቡዕ ሥራ በዛብኝ ብለው ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ ቀሩ።

«ባለፈው ቀሩብን» አለች አስተባባሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሰዎች ስለ ሥራ ሲያወሩ፣ ሥራውን የሚሠራ አንድ ሰው መትረፍ አለበት ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ማኅደር።

ልጅቷ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። መምህሯን ታውቃቸዋለች፤ ነገር ሲያማቸው ቀልድ ይቀናቸዋል። እዚህ ምን እንዳመጣት ሲጠይቋት፣ በመስኮቱ የሚሠሩት ሰዎች ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ለማየት መምጣቷን ነገረቻቸው። ይህን ሲሰሙ ልባቸው ራራ። «እኛም እንዲህ ነበር የምናደርገው» አሉና ወሬያቸውን ጀመሩ።

ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ጋሽ ማኅደር ሌላ ሰው ይሆናሉ። ድርጅቱ ያኔ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ክረምት ጣሪያው ስለሚያፈስ ዝናብ ሲመጣ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍነው ጥግ ይይዛሉ። ማተሚያው ሲሠራ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ መነጋገር የሚቻለው ወረቀቱ ሲያልቅ ነው። የዚህ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ኃላፊ የነበረው ወዳጃቸው ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። የልቡን ይነግራቸዋል፤ እነሱም ይሠሩለታል። ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሠንጠረዥ አልነበረም፣ ሰው ከሰው ጋር ይነጋገርና ሥራው ይሠራል። ወዳጃቸው ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ስለ እሱ ሲናገሩ ግን ዛሬም በር ከፍቶ የሚገባ ያህል ወደ መግቢያው ያያሉ።

አስተባባሪዋ ሳታቋርጣቸው ሰማችና፣ «ጋሼ፣ ከሚጠይቃችሁ ነገር የትኛው እንደሚቀድም ግን ማን ይወስን ነበር?» አለቻቸው።

«ማን ይወስናል? ቆመን እናወራዋለን እንጂ። አምስት ነገር ይዞ ይመጣል። ይሄ ለማን ነው፣ ባይኖርስ ማን ይጎዳል ስንለው፣ ሁለቱን ራሱ ይተዋቸዋል። አንዱ ከባድ ሆኖ ሲያገኘው፣ ‹በሉ እንግዲያው ለጊዜው ይችን ታህል ሥሩልኝ› ይላል። እንዲህ ነበር።»

«ረቡዕ የምናደርገው እኮ ይኸው ነው» አለች አስተባባሪዋ። «እናንተ ሦስት ሆናችሁ አንድን ሰው ታነጋግሩ ነበር። አሁን እኛ ብዙ ነን፣ ጠያቂዎቹም የብዙ ሆስፒታል ሰዎች ናቸው። እንደ እናንተ ቆመን ማውራት ስላልቻልን፣ ለዚያ ወሬ ሰዓት ቆረጥንለት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።»

የጋሽ ማኅደር እውነተኛ ቅሬታ ግን ሌላ ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ደግሞ ለማንም አልተናገሩትም።

«ስሚ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሰዓቱን ተይው። እኔን የከበደኝ ስረዛው ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ሰው ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። እኔ ለእያንዳንዳቸው ‹ጽፌዋለሁ› ብያቸዋለሁ። ይሄ ቃል ነው። ያ ወዳጄ ቢሞትም፣ የጠየቃቸው ነገሮች ዛሬም እዚያ አሉ። እናንተ ጊዜው አልፎበታል ብላችሁ ጣታችሁን ስታሳርፉበት፣ እኔ ሰው የሚጠፋ ነው የሚመስለኝ።»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሽማግሌ ሆዱን ሲከፍትለት ክርክሩን ያሸነፈ ይመስለዋል። ወጣቷ ግን የሰማችው ነገር ከባድ እንደሆነ ገብቷታል።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለች። «ከአምስት መቶ ጥያቄ ሥር የተቀበረ ቃል ተጠብቋል ይባላል? የጠየቁን ሰዎች እኮ እየጠበቁን ነው። አንሠራውም ብንላቸው ያዝኑ ይሆናል፤ ግን ሌላ መላ ይፈልጉ ነበር። እኛ ግን እሺም እንቢም ሳንላቸው በር ላይ አቁመናቸዋል።»

«ከባድ ነገር ተናገርሽ።»

«አንድ ልጨምርና ይበቃኛል። ዝርዝሩ ላይ ‹ፊደሉ ይስተካከል› የሚል መስመር አለ። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል የለውም። ልጆቹ የፊደል ግድፈት መስሏቸው ፈልገው ፈልገው አጡት፤ ሲያጡት ጊዜ ወደ ታች ገፉት። ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ?»

ጋሽ ማኅደር ያውቁታል። ማን እንደጠየቀ፣ የት ቆሞ እንደጠየቀ፣ ድምፁ እንዴት እንደነበር ሁሉ ያውቁታል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ነገ ይምጡና ይንገሩን። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ የምፈራው መሰረዙን አይደለም። እርስዎ ሳይነግሩን የሚቀረውን ነው የምፈራው።»

በዚህ መሐል የጋሽ ማኅደር ተራ ደረሰ። መድኃኒቱን ተቀብለው «ደኅና ዋይ» ብቻ ብለዋት ወጡ።

በማግስቱ ረቡዕ ወጣቶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ስክሪን ላይ ሲከፍቱ፣ ጋሽ ማኅደር በሩን ገፋ አድርገው ገቡና ዳር ያለችውን ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ልጆቹ ብድግ ሊሉላቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። አስተባባሪዋ ነገሩን ሳታስረዝም «ፊደሉ ይስተካከል» የሚለውን መስመር ከታች አውጥታ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

ጋሽ ማኅደር ተናገሩ። አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ በመስኮቱ ሲያይ፣ አንዲት እናት የተሰጣቸውን ከረጢት ወደ ፀሐይ አውጥተው፣ አርቀው አቅርበው የተለጠፈበትን ወረቀት ለማንበብ ይታገላሉ። የበር ጥበቃውን ቢጠይቁት እሱም ዓይኑ አልሠራለት አለ። ሴትዮዋ በግምት ሄዱ። የማታውን ጠዋት ውጠው ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን ደረጃ ላይ ወድቀው ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ። ወዳጃቸው መንገዱን ተሻግሮ የመጣው ያን ዕለት ነው። የአወሳሰዱ ፊደል ይተልቅ፣ የጠዋቱና የማታው ለየብቻ ይጻፍ አለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በየከረጢቱ ላይ በወፍራም ብዕር፣ በገዛ እጁ ሲጽፍ ኖረ።

ይህን ሁሉ ሲናገሩ አንድ ነገር ገባቸው። ያኔ ሁለት ቃል ብቻ ጽፈው የተዉት የቀረው በልባቸው ስለነበር ነው። ልባቸው ደግሞ ስክሪኑ ላይ አይታይም።

ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ። ጥፋቱ የሱ ይመስል አንገቱን ደፋ።

ከዚያ አስተባባሪዋ ሥራው ማለቁን በምን እናውቃለን ብላ ጠየቀች። አንዱ በቁጥር ይለካ አለ፣ አንዱ ሌላ አለ። ጋሽ ማኅደር ግን መነጽራቸውን አወለቁና «እኔ ያለዚህ ካነበብኩት አልቋል» አሉ። ሳቁም ተስማሙም፤ እንዳሉት ተጻፈ።

ሰዓቱ ሲገፋ ሌላ ሌላው ታየ። «ሆስፒታሎቹ ይገናኙ» የሚለው፣ ሁሉም እየፈራ ሲያልፈው የኖረው ትልቅ ሥራ፣ ተከፋፍሎ አንዷ ቁራጭ በሁለት ሳምንት የምታልቅ ሆነች። መብራት ሲጠፋ መሥራት የሚለውን ወጣቶቹ ጊዜው አልፎበታል ብለው ሊያወጡት ሲሉ፣ ጋሽ ማኅደር አይሆንም ብለው ተሟገቱ። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ አንድ መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ሥራ መፍታቱን ሲነግሯቸው እሱም ከፍ ብሎ ተቀመጠ። የወር ሪፖርት በፋክስ ይላክ የሚለው ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። የጠየቀው ያው ወዳጃቸው ነው። የዚያ ማሽን ሲጥታ ጆሯቸው ላይ መጣ፤ ወረቀቱ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የሚጠብቁበት ጊዜ ታወሳቸው።

«አውጡት» አሉ። «ራሱ ቢኖር ኖሮ እስካሁን ምን ታደርጉበታላችሁ ይለን ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ቀርተው አያውቁም። የሚሰረዝ ነገር ሲኖር፣ ጠያቂው በሕይወት ካለ ራሳቸው እየደወሉ ምክንያቱን ይነግሩ ነበር። ቁጣ ጠብቀው ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን ስለነገሩት አመሰገናቸው። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም መጠየቄንም ረስቼዋለሁ ብላ አሳቀቻቸው።

በትልቅ ፊደል የሚታተመው አዲሱ የአወሳሰድ ጽሑፍ በየሆስፒታሉ ከገባ በኋላ ጋሽ ማኅደር አንድ እሑድ ወደ ወዳጃቸው ባለቤት ቤት ሄዱ። እግራቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሴትዮዋ ሻይ አቀረቡላቸውና ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና ተጨዋወቱ። የመጡበትን ለመናገር ግን ጋሽ ማኅደር ፈራ ተባ አሉ። በመጨረሻ ወዳጃቸው ከጠየቃቸው ነገሮች ጥቂቶቹ እንደተሠሩ፣ የሚበዙት ግን ከዝርዝሩ እንደወጡ፣ ረቡዕ ረቡዕ በሚያደርጉት ውይይት ላይ ያወጧቸውም ራሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ።

የወዳጃቸው ባለቤት ሳቁ። «እሱ እኮ እቤትም እንዲሁ ነበር። ቅዳሜ አጥር እሠራለሁ ይላል፣ እሑድ ይተወዋል። የፊደሉን ነገር ግን አልተወውም። ከእጁ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ቆይ፣ እንዲያው በየሳምንቱ ተቀምጣችሁ ስታወሩ ምን ተጠቀማችሁ?»

ጋሽ ማኅደር፣ በፊት በዚሁ ነገር ሲሳለቁ የነበሩት ሰውዬ፣ አሁን ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ብዙ ተጠቅመናል። በፊት ልጆቹ ያልገባቸውን ነገር ይሠሩና መልሰው ያፈርሱታል፤ አሁን ጠይቀው ነው የሚጀምሩት። ትልቅ ሥራ አያስፈራቸውም፣ ቆርሰው ይይዙታል። የሚያስፈልገው ከማያስፈልገው ሥር አይቀበርም። የጠየቀንም ሰው ወይ እሺ ወይ አይሆንም ይባላል እንጂ በተስፋ አይንገላታም። እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ደግሞ አሁን የሁሉም ሆኗል። ነገ ባልኖር ሥራው አይቆምም። እኔ ይሄ ዝርዝር ትዝታ የማስቀምጥበት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሚሠራ ነገር ማስቀመጫ ነው።»

ሴትዮዋ ተነሥተው ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን በር ከፈቱና ጠሯቸው። ጠባብ ክፍል ናት። ወዳጃቸው አንድ ቀን እጠግናቸዋለሁ ብሎ ያስቀመጣቸው ሬዲዮዎች፣ የግድግዳ ሰዓቶችና ሽቦዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ሴትዮዋ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ አንዱንም መንካት እንዳልቻሉ ነገሯቸው።

«ብቻዬን ከበደኝ» አሉ። «ዛሬ ጊዜ አለህ?»

ጋሽ ማኅደር ኮታቸውን አውልቀው በሩ ላይ ሰቀሉ፤ እጅጌያቸውንም ጠቀለሉ። የመጀመሪያውን ሬዲዮ ከላይ አወረዱና አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ «ይሄን የት ነው የገዛው?» ሲሉ ጠየቁ። ሴትዮዋ በርጩማ ስበው ተቀመጡና መናገር ጀመሩ።