አማራጭ መንገድ አለ

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ወንድሜ፣ አንተ ነህ? ... ቆይ ቆይ፣ ወደ ኮሪደሩ ልውጣ። አዳራሹ ውስጥ የሰው ጫጫታ ጆሮ ይበጥሳል። ... አሁንስ ትሰማኛለህ?

— አዎ፣ ለእረፍት ወጥተን ነው። አቀረብኩት! የከተማውን የዓመት በጀት ከነሪፖርቱ፣ አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ። ... ታዲያ እንኳን ደስ ያለሽ አይባልም? ከተማው ያለ ጉድለት ዓመቱን ሲዘጋ እኔ በጀት ክፍሉን ከያዝኩ ወዲህ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ያ በስብሰባ ሁሉ ሲነተርከኝ የሚውለው ሽበታሙ የምክር ቤት አባል እንኳ አጨበጨበ ስልህ! ባንኩም አሁን ለአዲሱ አውቶቡስ ጣቢያ ብድሩን...

— ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም። ... የት? ... ሆስፒታል ምን ትሠራለህ? ዓይንህን ነው? ያለ መነጽር አትበይድ ብዬ ስንቴ ነገርኩህ...

— እማዬ?

— እማዬ ምን ሆነች? ... ወደቀች? ... ዳሌዋን? ወይኔ! ወይኔ እናቴን! መቼ? ... ትናንት?! ትናንት ወድቃ ዛሬ ነው የምትነግረኝ? እኔ ልጇ አይደለሁም?

— ... እሷ ናት አትንገር ያለችህ? ... «ነገ በጀት ታነባለች፣ ሐሳቧን አትበትንባት» አለች...

— እሺ። እሺ፣ አልጮህም። ቀስ ብለህ ንገረኝ። የት ነው የወደቀችው? ደረጃው ላይ? ... ወንዙ? ወንዙ ውስጥ ምን ልታደርግ ወረደች፣ በዚህ ዕድሜዋ? ለምን በድልድዩ...

— ...

— ድልድዩ መቆለፉን አውቃለሁ። ... አውቃለሁ አልኩህ እኮ! ብረቱ ዝጓል፤ ሰው እንደተሸከመ ቢደረመስስ? ለደህንነት ተብሎ ነው። ለጥገናው ዘንድሮ ገንዘብ አልተያዘለትም። ደግሞ ሰው መሄጃ አላጣም፣ በዋናው አስፋልት ዞሮ... ... እሺ። ለባለ መኪና ነው። ልክ ነህ፣ እሷ በእግሯ አትችለውም።

— ያስቆለፈውማ... የመንገድ ክፍሉ ነዋ። ... ማን አዘዘ ማለት? ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው አይቶ፣ አጥንቶ...

— እትዬ፣ መጣሁ። ድምፅ ሊሰጥ ነው እንዴ? አንድ ደቂቃ ይበሉልኝ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው። ... የአዳራሹ አስተናባሪ ናቸው። ቀጥል። ማን አገኛት?

— ... ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ባይሰሟት ኖሮ... አምላኬ! በዚያ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተጋድማ? ... ለመሆኑ ወዴት ነበር? ... ለግፊቷ መድኃኒት። አዎ፣ ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። በድልድዩ ቢሆን የቀዳችው ሻይ ሳይበርድ ደርሳ ትመለስ ነበር።

— ምን አልክ? ... የተኛችበት ክፍል ሬዲዮ አለ? ... ስናገር ሰማችኝ? ... «የከተማችን የገንዘብ ጤንነት አስተማማኝ ነው» ስል? ... አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ምን አለች? ... «የማን ጤንነት ነው እቴ፣ እኛ እዚህ ተዘርረን!» ... ሳቁ? ይሳቁ። እማዬስ? ... «ዝም በይ፣ ልጄ ናት። ያለ ምክንያት አታደርገውም።» ... እንዲህ አለች? ያ ሁሉ ሕመም ላይ ሆና?

— አላለቀስኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነው። ... እሺ፣ አልቅሻለሁ።

— ስማኝ። ኮሚቴ የሚባል ነገር የለም። ... የለም አልኩህ። እኔ ነኝ። መሐንዲሱ ይጠገን ብሎ ቢሮዬ ተመላልሷል። ከንቲባው እንኳ አላዘዙኝም። ሂሳቡ ትንሽ ጎደለብኝ፤ ጉድለት ከታየ ባንኩ ፊቱን ያዞርብናል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚህም ከዚያም ስሸራርፍ የድልድዩ ጥገና ላይ ደረስኩ። «ተጠቃሚው ጥቂት ነው፣ አማራጭ መንገድ አለ» ብዬ ጻፍኩበት። ... ሄጄማ አላየሁም። ምኑን ልየው? ትምህርት ቤት የተመላለስኩበት፣ አንተን አዝዬ ያሻገርኩበት ድልድይ! እንደ ቤታችን ደጃፍ ነው የማውቀው። ግን ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ አንድ መስመር ነው። ሲሰረዝ አይጮኽም።

— ስደበኝ እንጂ! ... ምን? ... እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም? ሌላ ማን ወደቀ? ... የልብስ ሰፊው ሚስት? እርጉዝ ነበረች እኮ! ... ፅንሱስ? ... 

— ተወው። ገባኝ።

— ለምን ታዲያ አንዳችሁም አልነገራችሁኝም? ... መጥተው ነበር? ቢሮዬ ድረስ? ... ባልየው ራሱ? ... ጸሐፊዬ «ስብሰባ ላይ ናት» ብላ መለሰችው። ... እኔ ነኝ እንደዚያ በያቸው ያልኳት። በጀት ስናዘጋጅ ባለጉዳይ አላስገባም።

— አየህ፣ የሰው ሚስት ስትወድቅ በሬን ዘጋሁ። የኔዋ እናት ስትወድቅ ግን ኮሪደር ላይ ቆሜ እነፋረቃለሁ።

— አገናኘኝ እባክህ። ወደ ኦፕራሲዮን ሳያስገቧት አገናኘኝ። ጆሮዋ ላይ ያዝላት።

— እማዬ? ... እኔ ነኝ እማዬ። ... እኔማ ደህና ነኝ፣ አንቺ እንዴት ነሽ? ... «ትንሽ ነው» ትያለሽ ደግሞ፣ ዳሌሽ ተሰብሮ! ... እማዬ፣ ምክንያት የለኝም። ... ለሴትየዋ «ያለ ምክንያት አታደርገውም» ያልሻትን ነው የምልሽ። ድልድዩን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። ... ሰማሽኝ?

— ... ታውቂ ነበር? ... ታዲያ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ እኔ ስትከራከሪ የነበረው...

— ... «በሰው ፊት ተከራከርኩልሽ፤ በልቤ ግን አፈርኩብሽ።» ... እሺ እማዬ። ... ልክ ነሽ። ... አይ፣ አልከፋኝም። ይገባኛል። ... ልምጣ? አሁኑኑ ታክሲ ይዤ ልምጣ፣ ሳትገቢ እደርሳለሁ። ... እንዴት አትምጪ ትይኛለሽ? ... «እኔስ ሐኪም አለኝ፤ ድልድዩ ማን አለው?» ... ድምፅ አልሰጡም ገና። ... አዎ፣ አሁንም ይስተካከላል። ጊዜ አለ። ... እሺ። እሺ አልኩሽ እማዬ። በሰላም ገብተሽ በሰላም ውጪልኝ።

— ሄሎ? ... አስገቧት? ... እስከ በሩ ሸኛት። ስልኩን ግን አትዝጋው።

— እትዬ! ለአፈ ጉባኤው ይንገሩልኝ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መናገር እፈልጋለሁ። ከሪፖርቱ ውስጥ የማርመው አለኝ ይበሏቸው። ... አዎ፣ አሁን።

— ሄሎ፣ አለህ? ... ያባርሩኝ ይሆናል፣ ምን ላድርግ። ... የቤቱን ኪራይ ከባለቤቴ ጋር እንመክርበታለን። ... አይ፣ ጀግንነት አትበለው። ጀግና ብሆን ኖሮ ባለጉዳዩን አስገባው ነበር።

— ቆይ ቆይ፣ ከንቲባው ራሳቸው እየመጡ ነው። ... ክቡር ከንቲባ። ... አዎ፣ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ... የላይኛው ሰፈር የእግረኛ ድልድይ ጉዳይ ነው። ... ሊያስታውሱት አይችሉም፣ አልነገርኩዎትማ። ... ጉድለት የለም ያስባለኝ ሳይሠራ የቀረ ሥራ ነው። ሰው ተጎድቶበታል። ... አዎ፣ ባንኩም ይሰማል። ... እናቴ ናት፣ ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ... መብትዎ ነው፣ የስንብት ደብዳቤውን ነገ ይስጡኝ። ዛሬ ግን ልናገር።

— ... ሄሎ? ... ሰማኸው? ... «ተናገሪ፣ ከጎንሽ ግን እንድቆም አትጠብቂ» ብለውኝ ገቡ። ... አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

— ... እኔ እንጃ። የአውቶቡስ ጣቢያውን ግንባታ አዘግይተው ድልድዩን ያስጠግኑ ይሆናል፤ ላያስጠግኑም ይችላሉ። እሱ በእነሱ እጅ ነው። የሰፊው ሚስት ግን... ነገ ቤቷ እሄዳለሁ። አብረኸኝ ትመጣለህ? በሩን ሳንኳኳ ብቻዬን እንዳልሆን። ...

— ... አትመጣም?

— ... ልክ ነህ። ያንንማ ራሴ ላንኳኳው።

— ስሜን እየጠሩ ነው። ... አዎ፣ ፈርቻለሁ። ... ከበሩ አትለይ። ስትነቃ አጠገቧ ሰው እንዳታጣ። ... መጣሁ እትዬ! ... በቃ ልዝጋው። ... ልዝጋው ወንድሜ። ቻው።