ሳልወጣ የታይፑን ሣጥን አንሡልኝ

ጓድ ሊቀመንበር፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ዳቦውንም ለስላሳውንም አዘጋጅታችሁ በክብር ለጡረታ ስለምትሸኙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸዋገነት፣ እባክሽ በሩን ገርበብ አድርጊው። አይ፣ ዝጊው። ለሚጠይቅሽ ነፋስ ነው በይ።

ይህችን ወረቀት ስጽፍ ሰነበትኩ። የመሠረተ ትምህርት እጅ ነው፣ አይፈጥንም። አንብቤ ስጨርስ ምድጃ ውስጥ ትገባለች።

ይህ የእንጨት ሥራ ማኅበር ከተቋቋመ ጀምሮ የሶፋና የወንበር ልብስ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሶፋ አይደለም። ስለ ታይፑ ሣጥን ነው።

ልጄን ጥሩብርሃንን ታውቋታላችሁ። ለጸሐፊነት ፈተና ብላ ታይፕ ተውሳ ቤት ውስጥ ትለማመድ ነበር። ያንኑ አንድ መስመር ነበር ደጋግማ የምትመታው። ከግድግዳው ማዶ ሲሰማ ግን ምን ይመስላል? «የተከለከለ ወረቀት እያባዛች ነው» ተባለ። ወሰዷት። በዚያው ቀረች። ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አልተፈቀደልኝም። እናንተ ሥራ አስመስላችሁ አጠገቤ ተቀመጣችሁ።

ከዚያ ወዲህ ጸሐፊያችን ሸዋገነት ታይፕ ስትመታ መርፌው ከእጄ ይወድቅ ነበር። አንድ ቀን አናጢያችን ጋሽ ገብረወልድ መጡና «እትዬ ወለተጻድቅ፣ የመጋዙ ብናኝ ታይፑን ሊያበላሽብን ነው። ሣጥን እሠራለታለሁ፤ እርስዎ ውስጡን ያልብሱልኝ» አሉኝ።

«ወፍራም ይሁን?»

«ብናኝ ክፉ ነው፤ በጣም ወፍራም ይሁን።»

የመጀመሪያውን ሣጥን ታስታውሳላችሁ? ጋሽ ገብረወልድ የለኩት ታይፑ እንደቆመ ነበር። ሸዋገነት መምታት ስትጀምር ወረቀት የሚይዘው ብረት ወደ ጎን ሄዶ ከሣጥኑ ጋር ተላተመ። «ጋሼ፣ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ? የሚተኛበት መንቀሳቀስ የለበትም?» አለቻቸው። ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ ደነገጣችሁ። ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ግን ሣጥን ነው! ጎኑ ሰፊ፣ ከላይ ጽሑፉ የሚታይበት መስታወት፣ ከፊት እጅ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ መጋረጃ። ጥጡን እኔው ጠቀጠቅሁት። ድምፁ ጠፋ። እኔ ደግሞ «ዛሬ የሚመታ ነገር የለም እንዴ?» እላለሁ። ሞኝ!

በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ታይፕ ለመንግሥት የሚመዘግበው ሰውዬ መጣ። ሣጥኑን በጣቱ አንኳኳ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለብናኝ ነው ጓድ» አለች ሸዋገነት።

«ብናኝ ጆሮ አለው እንዴ? ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ። ለብናኝ ነዋ! ወለሉን አያዩትም?» ብዬ ተቆጣሁ።

ፊቴን አየ፣ አየና ሄደ። ዘወር ስል ጋሽ ገብረወልድ መጋዙን ገልብጠው በጀርባው እንጨት ይገዘግዛሉ። ያኔ ገባኝ። ለካ የብናኙ ሰበብ የተፈለሰፈው ለእኔ ጆሮ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ፊቴ ያሳብቅባችሁ ነበር።

አሁን ግን አውቃለሁ። ምዝገባውም እንደገና ሊመጣ ነው ይባላል። ከእንግዲህ አምኖ «ለብናኝ ነው» ብሎ የሚቆጣ ማን አለ? ልጄን ታይፗ ስለተሰማ ወሰዷት፤ እናንተን ታይፓችሁ ስላልተሰማ ቢወስዷችሁስ? ሌሊት የማስበው ይህንኑ ነው።

እለምናችኋለሁ፣ ሳልወጣ ሣጥኑን አንሡት። እንጨቱ ለበርጩማ ይሆናል። ጥጡን እኔ እወስደዋለሁ። ከዚያ፣ ሸዋገነት፣ ቁጭ በይና ምቺ። የልጄን ስም አይደለም፤ ስም አይጻፍ። የወንበር ደረሰኝ ምቺ። ቆሜ እሰማለሁ። ዛሬ መርፌ አልያዝኩም፣ ከእጄ የሚወድቅ የለም።

ጋሽ ገብረወልድ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። ሸዋገነት፣ ወልደሽ ሳሚ። ልጆቻችሁ ወጥተው ይግቡ። በራችሁን የሚያንኳኳው ሁልጊዜ ዘመድ ይሁን።

አሜን በሉ፤ ግን ቀስ ብላችሁ።